የባላባቱ ወንድሞች

ያን ሰውዬ እንደጠላሁት በሕይወቴ ማንንም ጠልቼ አላውቅም። ፊቱ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ያለፈ፣ ጥቁር ካባ ደርቦ ከሬሳ ሣጥን የሚነሣ የፈረንጅ ባላባት ነው። ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር በነበረ የእህል መጋዘን፣ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ሲሞት አይቻለሁ። አንዴ ፀሐይ አነደደው። አንዴ ደረቱ ላይ እንጨት ተከሉበት። አንዴ ጉድጓድ ገብቶ ድንጋይ ተከመረበት። ሞቱን በየጊዜው ለሕዝቡ በሁለት ቋንቋ የማረዳው እኔ ነበርኩ። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ ያው ፊት፣ ያው ካባ፣ ያው ጥርስ ተመልሶ ይመጣል፤ ለምን እንደመጣ የማስረዳውም እኔው ነኝ።

ጊዜው በስልሳዎቹ መግቢያ ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ ሰበታ ተመደብኩ። ሱሉልታ ተወልጄ ስላደግሁ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አንዱን ከአንዱ ሳልለይ ነው የምናገረው፤ እንግሊዝኛም አስተምር ነበር፤ አውቅ ነበር አላልኩም። አንድ የእህል ነጋዴ ይህን ሰምቶ ትምህርት ቤት ድረስ ፈልጎኝ መጣ። ሰውዬው ከተፍኪ በኩል ጤፍ እየገዛ አዲስ አበባ የሚያወርድ ነው። መጋዘኑ ብዙውን ጊዜ ባዶውን ሲቀመጥ ያናድደው ስለነበር፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የፊልም ማሽን ከነጄኔሬተሩ ገዝቶ ሲኒማ ሊከፍት ነው። ሕዝቡ እንግሊዝኛ ስለማይሰማ ቆሞ የሚተረጉም ሰው ያስፈልገዋል።

መጋዘኑ ሲኒማ ሆነ ለማለት ብዙ ድፍረት ይጠይቃል። መስኮቶቹ በጆንያ ተደፈኑ። ሳንቃ በድንጋይ ላይ ተጋድሞ አግዳሚ ወንበር ተባለ። ከግድግዳው ላይ ሁለት አቡጀዲ አንድ ላይ ተሰፍቶ ተንጠለጠለ፤ ስፌቱ መሐል ለመሐል ስለሚያልፍ የባላባቱ ፊት ዘወትር ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። ለእኔ አንድ ረጅም ዘንግና ከቆርቆሮ የተጠቀለለ የመጮኺያ ቀፎ ተሰጠኝ። በገበያ ቀንና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውጭው እንደዚያ ብሩህ ሆኖ ሳለ፣ ከአንድ መቶ በላይ ሰው እዚያ ጨለማ ውስጥ ታፍኖ የእህል ነቀዝ እያሳከከው ይቀመጣል። እኔ ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሜ በዘንጉ እየጠቆምኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ እሱ እንዲህ አላት፣ እሷ እንዲህ አለችው እላለሁ። የምሰማው ግማሹን ነው። ሌላውን ከራሴ አመጣለሁ።

መጀመሪያ ያሳየነው ባላባቱ በፀሐይ የሚነድበትን ነበር። የእንግሊዝኛውን ማዕረግ «ባላባት» ብዬ ተረጎምኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም። የመጋዘኑ ባለቤት ወዲያው ጠጋ ብሎ፣ «ባላባት አትበል፣ የወረዳው ጸሐፊ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጧል» አለኝ። «ምን ልበል ታዲያ?» አልኩት። «ሰውዬው በል። ሰውዬው ምን አለው?» እኔ ሰውዬው ማለት ጀመርኩ፤ ሕዝቡ ግን ባላባት ያለውን አልለቀቀም። ከተቀመጡት እኩሌታዎቹ ጭሰኞች ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ምርታቸውን ለሌላ ሲሰፍሩ የኖሩ ሰዎች፣ ደም የሚመጥ ባላባት አለ ሲባሉ ለማመን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም። በመጨረሻ ሰውዬው ሲነድ ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ተነሥቶ አጨበጨበ። ደስ ብሏቸው ወጡ፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ፊልሞቹን ለነጋዴው የሚያከራየው የአዲስ አበባ ሰው፣ ትላልቆቹ ሲኒማ ቤቶች ደጋግመው አሳይተው የጣሉትን፣ በየቦታው የተበጣጠሰና የተቀጣጠለ ጥቅል ነው የሚሰጠን። ተራ ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም። ከመደርደሪያው ቀድሞ እጁ ያገኘውን ይሰጣል። ስለዚህ ሰበታ አራተኛውን ከሦስተኛው በፊት፣ ሁለተኛውን ደግሞ ከአምስተኛው ኋላ አየች። በሁለተኛው ወር ጄኔሬተሩ ተነሥቶ አቡጀዲው ሲበራ፣ የሬሳ ሣጥኑ ክዳን ተንቀሳቀሰና ያ የነደደው ባላባት ወጣ። ሕዝቡ አጉረመረመ። «ይሄ ሰውዬ ሞቶ የለም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ባለቤቱ ከማሽኑ አጠገብ ሆኖ በእጁ፣ አንድ ነገር በል፣ ይለኛል።

«ወንድሙ ነው» አልኩ።

አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው። ሌላ አገር ቢሆን ይህ መልስ ያልፍ ይሆናል። የኛ አገር ሰው ግን ልጁን ሲድር ሰባት ቤት ቆጥሮ ነው፤ የድንበር ክርክር ሲመጣ አያት ቅድመ አያት ጠርቶ ነው፤ ደም ሲፈስ ማን የማን ወገን እንደሆነ ለይቶ ነው የሚታረቀው። «ወንድሙ ነው» ተብሎ እንደ ዋዛ የሚታለፍ ቃል አይደለም። ከፊት ረድፍ ጥግ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጡ፣ በአካባቢው ነገር ሲበላሽ የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ሁሉ ኦቦ ብሎ ነው የሚጠራቸው። ዱላቸውን ወደ ላይ ቀሰሩ።

«ቆይ እስቲ መምህር። የእናት ነው የአባት?»

«የሁለቱም ነው፣ ኦቦ።»

«ታላቅ ነው ታናሽ?»

«ታናሽ።»

«ታላቅየው ሲነድ የት ነበረ?»

«ንግድ ሄዶ ነበር» አልኩ። ሕዝቡ ሳቀ። ባለቤቱም ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ነገሩን መመዝገባቸው እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ሰውዬውን የሁለቱ መንታ አደረግሁት፤ ከማን ጋር መንታ እንደሆነ ተጠየቅሁ። በአራተኛው ጊዜ የአጎት ልጅ አልኩ። ኦቦ ተነሥተው፣ «ዋቃ ይወቅሰኝ፣ የአጎት ልጅ እስከዚህ አይመሳሰልም» አሉ፤ ሰውየው ክርስቲያን ናቸው፣ ግን ሲናደዱ የአያታቸው መሐላ ነው የሚቀድማቸው። ባለፈው በታላቅየው አንገቷን የተነከሰች ሴት ዛሬ ታናሽየው መስኮት ላይ ስትታይ፣ «የወንድሙን ሚስት ወርሷል ማለት ነው። ይሁን። እሱስ ያባት ወግ ነው» ብለው አለፉኝ። ከሁሉ የከበዳቸው ሌላ ነገር ነበር። «ይህን ያህል ደም ፈሶ ለምን ጉማ አይከፈልም? ሽማግሌ ተቀምጦ ለምን አይታረቁም?» ብለው ጠየቁኝ። «ፈረንጆች ናቸዋ፣ ኦቦ» አልኩ። «ፈረንጅ አያረጅም? ሽማግሌ የሌለው አገር አለ?» ዘንጌን አንሥቼ ወደ አቡጀዲው ዞርኩ።

እዚህ ላይ ንዴቴን ልናገር። ፊልም ሠሪ ተብዬዎቹ ሌላ ታሪክ አጥተው አይደለም። ማሰብ ሰልችቷቸው ነው። አንዴ የሸጠላቸውን ሬሳ ይጎትቱታል እንጂ አይቀብሩትም። ስድስቱም ፊልም ውስጥ ያው ጋሪ በያው ጫካ ያልፋል። ያው የመጠጥ ቤት ባለቤት፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ አትሂዱ፣ ይላል፤ ያው ሞኝ እንግዳ ይሄዳል። ያቺው ልጅ ያንኑ ነጭ የሌሊት ልብስ ለብሳ፣ መስኮት አትክፈቺ የተባለችውን መስኮት ትከፍታለች። ሦስተኛው ላይ አንዲት የእኛ ባልቴት፣ «ይቺ ልጅ እናት የላትም?» ብለው ጮኸዋል። ጉሙ እንኳ ያው ጉም ነው። በሱሉልታ ክረምት ያደገ ሰው እውነተኛ ጉም ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ የነሱ ከአንድ ጥግ የሚወጣ ጭስ ነው። ሰውዬው በመጨረሻ ሲሞት ደግሞ ልብ ብሎ ላየው ሰው፣ አንድ ጣቱን፣ ቀለበቱን፣ አመዱን የሆነ ቦታ ይተዋሉ። ለሚቀጥለው ማለታቸው ነው። ሞትን የሚያህል ነገር በር ሳይዘጋ ይተዉታል። ከመጋዘኑ ጭሰኞች ግማሽ ያህል እንኳ ለሞት ክብር የላቸውም።

ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ የሚያስቀኝ ነገር ነበር። ማሳቁን ያቆመው በአከራዬ ምክንያት ነው።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከከተማው ዳር ሁለት ጥማድ መሬት ያላቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጅ ነበራቸው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ወደ ጎጃም ሲጓዝ መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ ገደል ገባ። ሦስት ሰው ነበር የተሳፈረው። የሁለቱ ሬሳ ወጣ፤ የልጃቸው አልተገኘም። የአካባቢው ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ማለዳ መርዶ ይዘው ሲሄዱ፣ እሳቸው በሩ ላይ ቆመው፣ «ሬሳውን አምጡልኝና አለቅሳለሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት፣ በቤታቸው ለቅሶ አልተቀመጡም፣ ተዝካር አላወጡም፣ ጥቁር አልለበሱም።

ጥቁር የከለከሉት ለራሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ምንም ባላላቸው። ልጃቸው ሚስት ነበረችው። በተጋቡ በስምንት ወሩ ነው የሄደው። ልጅቷ ከአማቷ ጋር እዚያው ግቢ ትኖራለች። ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ባሏ ሞተ እንዳትል ለቅሶው አልተቀመጠም፤ ባል አላት እንዳይባል ባሏ የለም። ጥቁር ለብሳ ዓመቷን ቆጥራ እንዳትወጣ አማቷ፣ «በቤቴ ጥቁር አይለበስም» ብለዋል። ቡራዩ የእንጨት ሥራ ያለው አንድ ደህና ሰው በአጎቷ በኩል ጠይቋት ነበር። ለቅሶው ይቀመጥ እንጂ ዓመት ሙሉ እጠብቃለሁ፣ ነገር ግን እስከ ቅበላ ቁርጡን ንገሩኝ፣ ብሏል። ሰውዬው አለ አግባብ አልጠየቀም። እሷም ሰውየውን ወዳዋለች፤ ይህንን የማውቀው የቡራዩ ሰው በተነሣ ቁጥር ሥራ ፈልጋ ከቤት ስለምትወጣ ነው።

የመረዳጃ ዕድሩ ሴቶች ሁለት ዓመት ለምነው፣ በዚያ ዓመት ጥር መግቢያ ላይ አከራዬ እሺ አሉ። ለቅሶው በፎቶግራፉና በልብሱ እንዲለቀስ፣ ቀኑም ከጥምቀት በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ምራታቸው ጌሾ ወቀጠች፣ ብቅሉን አሰጣች። ግቢው ውስጥ ስታልፍ መሬቱን የረገጠች አትመስልም ነበር፤ በባሏ ሞት ደስ ብሏት አይደለም፣ ሊያልቅላት ነው።

በዚያው ሳምንት እሑድ ጓደኞቻቸው፣ ልባቸው ትንሽ ይፍታታ ብለው፣ አከራዬን ወደ መጋዘኑ ይዘዋቸው መጡ። ከዚያ በፊት ረግጠውት አያውቁም። ሲገቡ አይቼ እጅ ነሣሁ፤ በቆርቆሮዬ ኩራት ተሰምቶኝም ነበር። ያን ቀን የመጣው ጥቅል ሁለተኛው ነው። አቡጀዲው በራ፣ ክዳኑ ተነሣ። ገና አፌን ሳልከፍት ኦቦ ዱላቸውን ቀሰሩ።

«መምህር፣ ዛሬም ወንድም ካልከኝ ተነሥቼ እወጣለሁ። አንዲት ሴት ይህን ሁሉ አንድ መልክ አትወልድም።»

ሕዝቡ፣ «እውነት ነው! ዱጋ ነው!» አለ። ባለቤቱ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ ኦቦ ከወጡ ግማሹ አዳራሽ ተከትሏቸው ይወጣል። ወንድሞቹን ጨርሻለሁ። እንግዲህ አንዴ ውሸት ውስጥ የገባ ሰው መውጫው ሌላ ውሸት ነው ብዬ ቀፎውን አነሣሁ።

«ኦቦ፣ ዛሬ እውነቱን ልናገር። ወንድም የለውም። መጀመሪያ ያየነው እሱ ራሱ ያን ጊዜ አልሞተም። ሞተ ያሉት ሰዎች በደንብ አላዩም። የነደደው ሌላ ሰው ነው። ልብሱን አይተው ነው እሱ ነው ያሉት። እሱ ከተራራው ማዶ፣ ሰው ቤት፣ ታሞ ተኝቶ ነው የከረመው።»

«እንዲህ በል እንጂ!» አሉ ኦቦ። «ይሄ ይሆናል። ይሄ በሰው ላይ የደረሰ ነው።» ዱላቸውን አወረዱ። ሕዝቡም ደስ አለው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታመን ታሪክ በመናገሬ እኔም ደስ ብሎኝ፣ ሰውየው ታሞ ስለተኛበት ቤት፣ ወተት ስላጠጡት ደግ ሰዎች፣ ስሙ ጠፍቶበት ስለከረመ ሁሉ ጨማመርኩበት። አከራዬ ወዴት እንደሚያዩ አላየሁም።

በማግስቱ ጠዋት የልጃቸው ካፖርት ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አገኘሁት። አከራዬ በእጃቸው እያራገፉት ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ያ ከተራራው ማዶ ታሞ የተኛው፣ ስንት ጊዜ ነው የተኛው?»

«አላስታውስም፣ እማማ።»

«ሁለት ዓመት ይሆነዋል?»

ያኔ፣ ኸረ እማማ፣ ውሸት ነው፣ ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ትምህርት ቤት ረፍዶብኛል ብዬ ሄድኩ። ፈሪ ነኝ፤ እሱን እስካሁን አልካድኩም።

ማታውን የመረዳጃው ሴቶች ለድንኳኑ ሊነጋገሩ ሲመጡ አከራዬ ከደጅ መለሷቸው። ሁለት ሬሳ ነው የወጣው፣ የኔን ልጅ ያየ የለም፤ ዓባይ ማዶ ሰው ቤት አለ፤ የታመመ ሰው የሚያስታምም ሰው አለ፣ አሉ። ለቅሶው ቀረ። ብቅሉ ተሰብስቦ ለጎረቤት ተሰጠ። ምራታቸው ብቅሉን በቁና ስትሰፍር አየኋት፤ ቀና አላለችም።

በሦስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩ ጥግ ጠብቃኝ ነበር። ሁልጊዜ «መምህር፣ እንደምን ዋሉ» ትለኝ የነበረች ልጅ ናት።

«አንተ» አለችኝ። «ምን አድርገንህ ነው?»

«እህቴ፣ እኔ እኮ ስለ ፊልሙ ነው የተናገርኩት።»

«ስለ ምንም ተናገር! እሳቸው የሰሙት ስለ ልጃቸው ነው። ባሌን እኔ አልቅሼ ጨርሼዋለሁ፤ ሽንት ቤት ተደብቄ፣ ነጠላ አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ ነው ያለቀስኩለት። ሁለት ዓመት! አሁን አንተ መጥተህ አስነሣኸው። የቡራዩ ሰው እስከ ቅበላ ነው ያለው። ከዚያ በኋላ እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው የማረጀው፣ ካፖርት እያናፈስኩ። አስነሥተኸዋል፣ አንተው ግደለው።»

ይህን ብላ ወደ ግቢው ገባች። የነዚያን ፊልም ሠሪዎች ስንፍና ስንት ወር ሙሉ ስሳደብ፣ የነሱን ሥራ ከነሱ በተሻለ የሠራሁት እኔ ነኝ።

እዚያው ዕለት አከራዬ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንግሊዝኛው እንደማይገባኝ፣ ወንድሞቹን የፈጠርኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ ታሞ የተኛው ሰው እንደሌለ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከመጨረሻው ሰሙኝ።

«አንተ አስተማሪ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ያን ቀን ሕዝብ ፊት ነው የተናገርከው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ሕዝብ ፊት የተናገርከውን ጓዳ ውስጥ አትካደኝ። ማን እንደላከህ አውቃለሁ። እሷ ወጣት ናት፣ አልፈርድባትም። ሂድ አሁን።»

የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። የሚመጣው እሑድ እስኪደርስ እንቅልፍ አልነበረኝም። አከራዬ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሆነዋል፤ ፊት ረድፍ ላይ፣ ከኦቦ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለባለቤቱ ምን ልናገር እንደሆነ ቀድሜ ነገርኩት። «አብደሃል? ሰው ውሸት መሆኑን ካወቀ ማን ይመጣል?» አለኝ። ማሽኑን አስነሣ። ስድስተኛው ጥቅል ነው። ጋሪው በጫካው አለፈ፣ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት አትሂዱ አለ፣ ሞኙ ሄደ። ክዳኑ መነሣት ሲጀምር ቀፎውን መሬት አስቀምጬ በባዶ አፌ ተናገርኩ፤ በአማርኛ፣ ከዚያ በኦሮምኛ።

«ስሙኝ። ይህ ሰው መጀመሪያውኑ ሞቷል። ወንድም የለውም፣ መንታ የለውም፣ የአጎት ልጅ የለውም። ከተራራው ማዶም አልተኛም። እሱን ሁሉ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ፊልም ሠሪዎቹ የሚያስነሡት እናንተ ለማየት ስለምትመጡ ነው። የሞተ ሰው ነው። ሌላ ነገር የለም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ ሰደበኝ። አንዱ፣ «እናውቃለን፣ ተርጉም ዝም ብለህ!» አለ። ኦቦ ዱላቸውን አነሡና ሊናገሩ ሲሉ፣ አጠገባቸው አከራዬ ቆመው ስለነበር ተውት። የጄኔሬተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«መምህር» አሉ አከራዬ። «ሞቷል ያሉት ሰዎች ታዲያ በደንብ አይተዋል?»

«አይተዋል፣ እማማ።»

«ሌላ ሰው አይደለም?»

«አይደለም። እሱ ነው።»

«ሰው ቤትም አልተኛም?»

«አልተኛም፣ እማማ።»

የአቡጀዲው ብርሃን ፊታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ከበስተኋላዬ ያ ጅል ካባውን እየዘረጋ እንደነበር ከጥላው አውቃለሁ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። እየተጣደፉ አይደለም። ወገባቸው ላይ ሁለት ጊዜ አዙረው አሠሩት፤ ለቅሶ የሚቆም ሰው እንደሚያሥረው። ከዚያ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት።

እንደዚያ ያለ ጩኸት በዚያ መጋዘን ውስጥ ተሰምቶ አያውቅም፤ ያቺ ነጭ ለባሽ አምስት ጊዜ ጮኻለች፣ አንዱም ይህን አይመስልም። ኦቦ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሴቶቹ ተነሥተው ነጠላቸውን አደገደጉ። አንዱ ሲጀምር ሁሉም እንዲቀበል የለመደ ሕዝብ ነው፤ ሲኒማ ሊያይ የመጣው መቶ ሰው ለቅሶ ቆመ፣ ሁለት ዓመት የዘገየ ለቅሶ። የምጠብቀው ባለቤቱ ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ማሽኑን አጠፋ፣ ጆንያዎቹን ከመስኮቱ ቀደደ፣ በሩን በሰፊው ከፍቶ ከወንዶቹ ጋር ራሱን ደፍቶ ቆመ። ስለዚያ ሰው የማወራው መልካም ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ትንሽ ግን አይደለም።

ድምፁ ከከተማው ዳር ድረስ ተሰምቶ ኖሯል። ምራታቸው እየሮጠች መጣች። ያ ካፖርትና የባሏ ፎቶግራፍ በእጇ ነው፤ ማንም አልነገራትም፣ አውቃ ነው ይዛ የመጣችው። አማቷ ካፖርቱን ተቀበሏትና አቀፏት። ያኔ ነው ልጅቷ ነጠላ አፏ ውስጥ ሳትጠቀጥቅ የጮኸችው።

ድንኳን ተተከለ። በሦስተኛው ቀን፣ እንግዳው ሲቀንስ፣ አከራዬ አስጠሩኝ። ጥቁር ለብሰዋል። አጠገባቸው ምራታቸው ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች፤ ከዓመት በኋላ ቡራዩ ትሄዳለች፣ አጎቷም ነገሩን ጨርሷል።

«ደግ አደረግህ፣ ልጄ» አሉኝ። «ይቺን ልጅ አሥሬ ይዣት ነበር። እግዜር ይስጥህ።»

«እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ።»

«አሜን። እንግዲህ ሌላ ቤት ፈልግ።»

በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። «ምን አጠፋሁ፣ እማማ?»

«ምንም። እነዚያ ሽማግሌዎች መርዶ ሲያመጡልኝ ልጄ አልሞተም ነበር። አንተ ስትነግረኝ ነው የሞተው። ፊትህን ባየሁ ቁጥር እንደገና ይሞትብኛል።»

ምራታቸው መሬት መሬት ታያለች። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ዕቃዬ ብዙ አልነበረም፤ ያቺ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግቢው ወጣሁ።